ግማሽ ውሃ፣ ግማሽ ስፒሪት

ባለፈው ማክሰኞ ለደም ምርመራ ቤቴል ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ነርሷ ክንዴን ስፒሪት በነካ ጥጥ ስትጠርገው ሽታው ሽቅብ ወጣና ሳላስበው ፈገግ አልኩ። «እማማ፣ ሰው መርፌ ሲያይ ፊቱን ያጨማድዳል፤ እርስዎ ይስቃሉ?» አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት! ሌላው ሰው የወጣትነቱን ዘመን በሽቶ ወይም በአደስ ያስታውሰዋል። እኔ፣ በዕድሜዬ አንዲት ጠብታ መጠጥ ቀምሼ የማላውቀዋ የኮልፌዋ ዘይነባ፣ ወጣትነቴን የማገኘው በስፒሪት ሽታ ውስጥ ነው። ደሜን ሰጥቼ እንደወጣሁ ፊት ለፊት ካለው ካፌ ገባሁና ሻይ አዘዝኩ። የሻዩን ዋጋ ስሰማ ሌላ ሳቅ መጣብኝ፤ በዚያ ገንዘብ ያኔ ወር ሙሉ ሻይ በቦንቦሊኖ እጠጣበት ነበር። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ፣ ጥጡ ገና ክንዴ ላይ እንደተለጠፈ፣ ሐሳቤ ወደዚያ ዘመን ነጎደ።

ያኔ ቤቴል ካፌ ቀርቶ መንገድም በወጉ አልነበረውም። ከአየር ጤና ወዲያ ያለውን ሁሉ «ገጠር» ነበር የምንለው፤ ገብስ ይዘራበታል፣ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። የኛ ቤት አጠና ተራ አጠገብ ነበር። አባቴ አጠና ይሸጡ ስለነበር ግቢያችን ሁልጊዜ የእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ አለው። ጠዋት ጠዋት አስራ ስምንት በሚባለው ፌርማታ ላይ እቆማለሁ። ስሙኒ ካለኝ በውይይት፣ ከሌለኝ በእግሬ። ውይይት የምንለው ከኋላው ሸራ የለበሰ፣ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተፋጦ የሚቀመጥበት ታክሲ ነው፤ እንደ ስሙም ወሬ ይደራበታል። ከፌርማታው ማዶ አንድ ካሴት ቤት ነበር፤ ባለቤቱ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ የሰሞኑን ዘፈን እስኪሰለቸን ድረስ ያስደምጠናል። ወንዶቹ እግሩ የሰፋ፣ አስፋልት የሚጠርግ ሱሪ ለብሰው ጎፈሬያቸውን በማበጠሪያ ከፍ ከፍ ያደርጋሉ። እኔ ከጉልበቴ በታች የወረደ ቡናማ ጉርድ ቀሚስ ነበረኝ፤ ሻሼን ወደ ኋላ አስሬ፣ ከስር የላስቲክ ኮንጎ ጫማ አድርጌ፣ በእጄ ደግሞ ነጩን የላቦራቶሪ ጋውኔን አጥፌ ይዤ እሄዳለሁ። ጋውኑን ቦርሳ ውስጥ መክተት እችል ነበር። ግን ሰው እንዲያየው እፈልጋለሁ፤ አሁን ብናገረው ምን አለበት!

ፋብሪካው ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ትንሽ ነው፤ የእጅ ሎሽን፣ የቆዳ ቅባት፣ የጭርትና የቋቁቻ መድኃኒት ይሠራ ነበር። ዛሬ ቦታው ላይ አፓርታማ ቆሞበታል፤ በረንዳዎቹ ላይ ልብስ ተሰጥቶ ሳይ «እዚያች ላይ እኮ ነበር ጠረጴዛዬ» እላለሁ ለራሴ። ላቦራቶሪው አንድ ክፍል ነው። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ይልማ ይባሉ ነበር፤ ውጭ አገር የተማሩ፣ ክራቫታቸው የማይላላ፣ እርሳስ ጆሯቸው ላይ ሰክተው የሚውሉ ሰው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን አንዴ አስልተው ያወጡትን ቁጥር እንደ ፊርማቸው ነበር የሚያዩት። እኔ ከሙያ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ የገባሁ፣ የሙከራ ጊዜዬን ያልጨረስኩ ቴክኒሻን ነበርኩ። አባቴ ሥራ እንድገባ የፈቀዱልኝ ከስንት ልመና በኋላ ስለሆነ፣ ከዚያ ሥራ መባረር ማለት ለኔ ወደ ጓዳ መመለስ ማለት ነበር።

የኔ ድርሻ መለካት ነው። ከሁሉ በላይ የምለካው ፒኤች የሚባለውን ነበር። ፒኤች አንድ ፈሳሽ ምን ያህል እንደሚኮመጥጥ የሚናገር ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኮምጣጤነቱ ይበረታል። መሣሪያችን እንደዛሬው ቁጥር የሚጽፍ ሳይሆን ባለ መርፌ ነበር። ጫፉ ላይ ሽምብራ የምታህል ስስ የመስታወት እንክብል ያለችው ኤሌክትሮድ አለችው፤ እሷን ፈሳሹ ውስጥ ነክሮ መርፌው ረግቶ እስኪቆም መጠበቅ ነው። ጠዋት ጠዋት ፒኤቻቸው በሚታወቅ ሁለት ፈሳሾች መሣሪያውን አስተካክላለሁ። እነዚህ ፈሳሾች በውሃ የተበጠበጡ ናቸው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህች «በውሃ» ከምትለው ቃል ነው።

የጭርት መድኃኒታችን ዋና ነገሩ ቤንዞይክ አሲድ የሚሉት ነጭ ዱቄት ነው። ዱቄቱ ውሃ አይስማማውም፤ ጠንከር አድርገው ሲጨምሩት ሳይሟሟ እንደ አሸዋ ይዘቅጣል። በዚህ ምክንያት መድኃኒቱ ደካማ ነበርና ገዢ እያጣ መጣ። አቶ ይልማ ግማሹን ውሃ በስፒሪት ለወጡት፤ ዱቄቱም ሙልጭ ብሎ ሟሟ። የሕፃናትን ራስ እንዳያቃጥል ደግሞ የአሲዱን ጨው በእኩል መጠን ጨመሩበት። ከዚያ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አውርደው አሰሉና «ፒኤቹ አራት ነጥብ ሁለት ይመጣል» ብለው ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ለጠፉት።

የመጀመሪያው በርሜል ሲመጣ ለካሁት። አምስት ነጥብ ሰባት። ኤሌክትሮዷን አጥቤ እንደገና ለካሁ፤ ያው። አቶ ይልማ ራሳቸው ለኩ፤ ያው። በፒኤች አቆጣጠር አንድ ነጥብ መለየት አሥር እጥፍ ነው፤ አንድ ነጥብ ተኩል ደግሞ ሠላሳ እጥፍ ይሆናል። «አሲዱ አልገባበትም» አሉ አቶ ይልማ። «ይደፋና እንደገና ይሠራ።» ተደፋ። ሁለተኛው በርሜል ተሠራ። አምስት ነጥብ ሰባት።

ማደባለቂያው ላይ የሚሠሩት ጋሽ ማቴዎስ ነበሩ። ከሆሳዕና ወገን መጥተው ኮልፌ ሲኖሩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ቁመታቸው ረዘም ያለ፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ በቸርቻቸው መዝሙር የሚመሩ ሰው። በርሜሉን ሲያማስሉ በሃዲይኛ ያንጎራጉራሉ። ለሎሽኑም ስፒሪት ሲቀዱ ስለሚውሉ ሰማያዊ ቱታቸው ሁልጊዜ ይሸታል። ሁለተኛው በርሜል እንደተበላሸ መጋዘን ውስጥ ሹክሹክታ ተጀመረ። «ሰውየው ስፒሪቱን ይቀማምሳል መሰለኝ» አለ አንዱ። እስከ ምሳ ሰዓት ወሬው «ሰክሮ ነው የሚሠራው» ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ጋ ሲደርስ ደግሞ ደብዳቤ ሆነ፤ ጋሽ ማቴዎስ ጉዳያቸው እስኪጣራ ከሥራ ታገዱ። መጠጥ የሚባል ነገር በሕይወታቸው ቀምሰው የማያውቁ ሰው! ደብዳቤውን ሲቀበሉ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፤ «በሚዛን ነው የለካሁት። እግዚአብሔር ያውቃል» አሉና ወጡ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አስራ ስምንት ፌርማታ ላይ አገኘኋቸው። ቱታቸውን ለብሰዋል፣ ምሳ ዕቃቸውን ይዘዋል።

«ጋሽ ማቴዎስ፣ እንደምን አደሩ? ወደ ሥራ መለሱዎት?» አልኳቸው በደስታ።

ዙሪያቸውን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አይ፣ ልጄ። ባለቤቴ አስቴር አታውቅም። ለሷ ምን ብዬ እነግራታለሁ? ጠዋት እወጣለሁ፣ እስከ ቆሼ ድረስ በእግሬ ሄጄ እመለሳለሁ፣ በሰዓቴ ቤት እገባለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«እንጃ» አሉ። «እንዳትነግሪብኝ አደራ።»

እኔ አልተናገርኩም፤ ግን ኮልፌ ውስጥ ምን ተደብቆ ይቀራል? በዚያው ሳምንት ወሬው ቸርቻቸው ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ጠርተው «ነገሩ እስኪታወቅ መዝሙር መምራቱን ለጊዜው ተወው» አሏቸው። እትዬ አስቴርም የሰሙት እዚያው፣ ከሰው አፍ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን የሚሸት ቱታ ሲያጥቡ የኖሩ ሴት ናቸው፤ አሁን ሽታውን በሌላ ዓይን ማየት ጀመሩ። ባሏን ማመን ለምትፈልግ ሴት ከዚህ የከፋ ምን አለ?

ማታ ለአባቴ አወራኋቸው። አባቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ ኬሚስትሪ የሚባለውን ነገር እኔን የያዘኝ ክፉ በሽታ ነበር የሚመስላቸው። ጋሽ ማቴዎስን ግን ያውቋቸዋል፤ ቤታቸውን የሠሩበትን አጠና ከአባቴ ነበር የገዙት። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ሁለቱም ጊዜ ቁጥሩ አንድ ነው አልሽኝ?» አሉ።

«አንድ ነው፤ ቅንጣት አይለያይም።»

«ሰክሮ ከሆነ ታዲያ እንዴት ሁለቴ አንድ ዓይነት ሳተ?»

ወላሂ፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ አቶ ይልማ ዘንድ ሄጄ የአባቴን ጥያቄ እንደ ራሴ አድርጌ አቀረብኩላቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «ዘይነባ፣ አንቺ ገና የሙከራ ጊዜሽ ላይ ነሽ። ሥራሽ ለክቶ መጻፍ ነው» አሉኝ። ሌላ ክፉ ቃል አልጨመሩም፤ ግን ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። ያንን የሙከራ ጊዜ እንደ ቀላል ነገር ነው የጠቀሱት፤ እኔ ግን የጓዳችንን በር ነው ያየሁት። ዝም ልል ነበር። ፌርማታው ላይ ያየኋት ምሳ ዕቃ ግን አላስቀምጥ አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በምሳ ሰዓት፣ ሁሉም ሲወጣ፣ እኔ እቀራለሁ። መጀመሪያ ያደረግኩት ፒኤች መለኪያውን ሳልነካ አሲዱን መቁጠር ነው። ከጋሽ ማቴዎስ ሁለተኛ በርሜል ካስቀረነው ናሙና ትንሽ ቀዳሁ፤ አንድ ጠብታ የቀለም መድኃኒት ጨመርኩበትና ከቡሬት፣ ማለት ከዚያ ቀጭን ባለ ምልክት የመስታወት ቱቦ፣ የኮስቲክ ሶዳ ውሃ ጠብ ጠብ አደረግኩበት። ሶዳው አሲዱን አንድ በአንድ ይበላዋል፤ አሲዱ ሲያልቅ ፈሳሹ በአንዲት ጠብታ ጽጌረዳ ይመስላል። ከዚያ እኔው ራሴ በሚዛን መዝኜ፣ በግድግዳው ወረቀት መሠረት አንድ ጠርሙስ ሠራሁና እሱንም እንዲሁ ቆጠርኩት። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ቀሉ። አንድ ጠብታ እንኳ አልተለያዩም። በዚያ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዬን «አልሐምዱሊላህ!» ብዬ ጮህኩ። አሲዱ ሙሉ ነበር። ሰውየው አንዲት ግራም አላጎደሉም።

ታዲያ መርፌው ለምን እንዲያ ይላል? በሁለተኛው ቀን አሲዱንና ጨውን እኩል አድርጌ፣ ግን ውሃው እንዲያሟሟው በጣም አሳንሼ፣ በንጹሕ ውሃ ብቻ በጠበጥኩት። አራት ነጥብ ሁለት፤ ልክ አቶ ይልማ እንዳሉት። ያንኑ ያህል መዝኜ በግማሽ ውሃ፣ በግማሽ ስፒሪት በጠበጥኩት። አምስት ነጥብ ሰባት። መዛኙ አንድ፣ ዱቄቱ አንድ፣ ሚዛኑ አንድ፤ የተለወጠው ማሟሟቻው ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ከሩብ ስፒሪት ጀምሬ እየጨመርኩ ስለካ ቁጥሩ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ቀስ እያለ ወደ ላይ ሄደ። አሲድ የሚኮመጥጠው የያዘውን ሃይድሮጅን ሲለቅ ነው፤ በውሃ ውስጥ በቀላሉ ይለቃል፣ ስፒሪት ሲበዛበት ግን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። መጠኑ ያው ሆኖ ቁጥሩ ይለወጣል ማለት ነው። መሣሪያዋም የራሷ ጣጣ ነበራት፤ ስፒሪት ውስጥ ስትቆይ እንክብሏ እየደረቀች መርፌው ይንከራተታል፤ በየመሃሉ ውሃ ውስጥ እየዘፈዘፍኩ አሳርፋት ነበር። ዋናው ጥፋት ግን የሷ አልነበረም። የስሌቱ ነበር።

አርብ ከሰዓት የውሃውንና የስፒሪቱን ጠርሙስ ከነደብተሬ ይዤ አቶ ይልማ ጠረጴዛ ፊት ቆምኩ። ደብተሩን አነበቡት፤ እንደገና አነበቡት። ተነሥተው ሁለቱንም ጠርሙስ በራሳቸው እጅ ለኩ። ከዚያ ከመደርደሪያው የቁጥር ሠንጠረዥ ያለበትን ወፍራም መጽሐፍ አውርደው የቤንዞይክ አሲድን ገጽ ገለጡና ጣታቸውን ገጹ ራስ ላይ አሳረፉ። እዚያ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ቁጥሮቹ ሁሉ በውሃ ውስጥ የተለኩ መሆናቸው ተጽፏል።

«ተምሬዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ተምሬዋለሁ እኮ፣ ዘይነባ። ፈተና ላይ ወጥቶልኝ መልሼዋለሁ።» ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ጫፍ ጠረጉት። እኔ መሄድ ይኑርብኝ መቆም አላውቅም። በመጨረሻ «ሁለት በርሜል ደፋን» አሉ፤ ከዚያ ደግሞ፣ «በርሜሉስ በርሜል ነው፤ ሰውየውስ?»

ሥራ አስኪያጁ ጉዳዩ ሲነገራቸው ቀለል አደረጉት። «ጥሩ፣ እገዳው ይነሣና ሰኞ ይግባ። ነገሩን ማራገብ ምን ያደርጋል?» አሉ። ለአቶ ይልማም ይሄ ይሻላቸው ነበር፤ ስሌቱን ማንም ሳያይ ማረም ይችሉ ነበር። በኋላ ሠላሳ ዓመት በዚያው ላቦራቶሪ ስሠራ፣ መጨረሻ ላይም በሳቸው ወንበር ላይ ስቀመጥ፣ ስንት ኃላፊ ስንት ስሕተቱን መሳቢያ ውስጥ ሲቆልፍ አይቻለሁ። እሳቸው ግን ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሲወጡ «ጋሽ ማቴዎስ ቤታቸው የት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ከዚያ ጊዜ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ልናገር። የሙከራ ጊዜዬን ጨረስኩ። አቶ ይልማ ለስፒሪቱ ሥራ የራሱን ማስተካከያ ፈሳሽ በግማሽ ስፒሪት እንድሠራ አደረጉኝ፤ ጠርሙሱ ላይ «ለውሃ አይሆንም» ብዬ በቀይ ጻፍኩበት። አሲዱ ሃይድሮጅኑን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ የሚናገረውንም ቁጥር ከመጽሐፍ መውሰድ ትተን የአሲዱን ግማሽ በሶዳ እየገደልን በዚያው ድብልቅ ውስጥ ራሳችን እንለካው ጀመር። መድኃኒቱ ተሸጠ፤ የኮልፌ ልጆች ስንቱ ጭርቱ ጠፋለት። ጋሽ ማቴዎስ ጡረታ እስኪወጡ ያንን በርሜል አማሰሉ። ዛሬ የእህቴ ልጅ በምትሠራበት ላቦራቶሪ መሣሪያው ራሱ ቁጥር ይጽፋል፣ ራሱ ይስተካከላል። «አክስቴ፣ አሁን እኮ ሁሉም አውቶማቲክ ነው» ትለኛለች። «በምን ማሟሟቻ እንደነከርሽው ያውቃል?» እላታለሁ። «እሱን እንኳ እኔው ነኝ የምነግረው» ትለኛለች። ደስ ይለኛል።

ወደዚያች ሳምንት ልመለስ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው ወደ ጋሽ ማቴዎስ ቤት የሄድነው። አቶ ይልማ ክራቫታቸውን አስረዋል፤ እኔ የዒድ ቀሚሴን ለብሻለሁ። አባቴ ብቻዬን ከወንድ ጋር እንዳልሄድ ብለው ይሁን ነገሩን ለመስማት ጓጉተው አላውቅም፣ ሱቃቸውን ዘግተው አብረውን መጡ። በጠባቡ ኮረኮንች መንገድ ወርደን ግቢው ስንደርስ እንግዳ አለ፤ ሁለት የቸርቹ ሽማግሌዎች ሊያነጋግሯቸው መጥተው ተቀምጠዋል። ጋሽ ማቴዎስ አለቃቸውን በር ላይ ሲያዩ ቀለማቸው ተለወጠ። እትዬ አስቴር ከጓዳ ወጥተው እጃቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ቆሙ። ሊያሰናብቷቸው የመጣን መስሏቸዋል።

«ይቀመጡ እንጂ፣ አቶ ይልማ» አሉ ጋሽ ማቴዎስ።

«አልቀመጥም። ቆሜ ነው የምናገረው» አሉ አቶ ይልማ። ላባቸው በክራቫታቸው ዙሪያ ወርዷል። «ጋሽ ማቴዎስ አልሰከሩም። አሲዱንም አላጎደሉም። በሚዛን መዝነው፣ ልክ እኔ እንዳዘዝኳቸው አድርገው ነው የሠሩት። ይህች ልጅ በምሳ ሰዓቷ ቆጥራ አረጋግጣዋለች።»

እትዬ አስቴር ወደ አቶ ይልማ ቀረብ አሉ። «ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?» አሉ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያዩ።

«የኔ። ስፒሪቱን እንደ ውሃ ቆጥሬ አሰላሁ። የተሳሳተው ወረቀቱ ነው፤ ወረቀቱን የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ።» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ለቸርቹም እንዲህ ብላችሁ ንገሩልኝ። ካስፈለገ መጥቼ እናገራለሁ።»

ግዙፉ ጋሽ ማቴዎስ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጭነው ወለሉን ያያሉ፤ ትከሻቸው ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል። እትዬ አስቴር መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ። ባልና ሚስት በሰው ፊት በማይነካኩበት በዚያ ዘመን፣ እጃቸውን በባላቸው እጅ ላይ አኖሩ። «ሳልጠይቅህ አምኜ ነበር» አሏቸው ቀስ ብለው፤ ከዚያ ትንሽ ቆዩና «ግማሹን» አሉ። ጋሽ ማቴዎስ ዕንባቸው እየወረደ ሳቁ። ያኔ ሁላችንም ሳቅን፤ አባቴ ከሁሉም በላይ።

ታላቁ ሽማግሌ «እንጸልይ። ማቴዎስ፣ አንተ ምራን» አሉ። ተነሡ። ያ ወፍራም ድምፃቸው መጀመሪያ ተሰባበረ፤ ቀስ በቀስ ተሰበሰበ። ስለ ቤታቸው አመሰገኑ፣ ስለ አቶ ይልማ ጸለዩ፣ ስለ አባቴና ስለ ሱቃቸው ጸለዩ፣ ስለኔ ሲጸልዩ ስሜን ሁለት ጊዜ ጠሩ። ያለቀ መስሎን ነበር። እሳቸው ግን ቀጠሉና «ጌታ ሆይ፣ ያችን የመለኪያ መሣሪያም አስባት፤ እሷም ያየችውን ነው የተናገረችው» አሉ።

ሽማግሌዎቹ «አሜን» አሉ። እኔና አባቴ እጃችንን ዘርግተን «አሚን» አልን። አቶ ይልማ ግን ከሁላችንም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ጎረቤት እስኪሰማ፣ «አሜን!» አሉ።